የታምቦ ስም፣ የለንደን ሕግ፦ የፀረ አፓርታይድ መሪን በውጭ አገር የሚያስታውስ በጎ አድራጎት ድርጅት እንዴት ይሠራል?

በየዓመቱ ጁላይ 18፣ በእኛ ሐምሌ 11 ቀን፣ የኔልሰን ማንዴላ ቀን ይከበራል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዕለቱን ያጸደቀው በ2009 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ሰሞን ከለንደን እስከ ኒው ዮርክ፣ የደቡብ አፍሪካ ፀረ አፓርታይድ ታጋዮቹን የማንዴላን፣ የኦሊቨር ታምቦን ወይም የዴዝሞንድ ቱቱን ስም ይዘው የሚንቀሳቀሱ ድርጅቶች መዋጮ ይጠይቃሉ፣ ንግግር ያዘጋጃሉ፣ በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ ያስተምራሉ።

ከውጭ ለሚያያቸው ሰው ወይ የቤተሰቡ፣ ወይ የፓርቲው፣ ወይ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ንብረት ይመስሉታል። አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱም አይደሉም። በተቋቋሙበት አገር ሕግ የሚተዳደሩ፣ ባለቤት የሌላቸው ድርጅቶች ናቸው። ችግራቸውም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። የሚያስታውሱት ሰው ዕድሜውን በሙሉ ፖለቲከኛ ነበር፤ እነሱን የሚገዛው ሕግ ደግሞ ከፖለቲካ ራቁ ይላቸዋል። ይህ ማብራሪያ በብዛት የሚያተኩረው በእንግሊዝ ላይ ነው፤ ብዙው ታሪክ እዚያ ስለሆነ።

ለምን ለንደን?

በደቡብ አፍሪካ ከ1948 እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሰውን በዘር ከፋፍሎ የሚገዛ ሥርዓት ነበር፤ አፓርታይድ የሚባለው ይህ ነው። በማርች 1960 ፖሊስ ሻርፕቪል ላይ ሰልፈኞችን ከፈጀ በኋላ የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ፣ በአጭሩ ኤኤንሲ፣ ታገደ። በዚያው ወር ኦሊቨር ታምቦ ድንበር ተሻግሮ ወጣ። ከማንዴላ ጋር በ1952 ጆሃንስበርግ ላይ የጥብቅና ቢሮ የከፈተው ሰው ነው። የወጣው የድርጅቱን ድምፅ በውጭ እንዲያሰማ ተልኮ ሲሆን፣ ወደ አገሩ የተመለሰው በዲሴምበር 1990 ነው። በመሃሉ ሠላሳ ዓመት አለፈ።

ቤተሰቡ የኖረው በሰሜን ለንደን፣ ማስዌል ሂል በሚባል ሰፈር ነው። ባለቤቱ አደላይድ በነርስነት እየሠራች ልጆቹን አሳደገች፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ሉሳካ፣ ዳሬሰላም ወይም አውሮፕላን ላይ ነበር። የኤኤንሲ የለንደን ቢሮ ደግሞ ከ1978 እስከ 1994 በኢዝሊንግተን፣ ፔንተን ጎዳና ቁጥር 28 ነበር። ማርች 14 ቀን 1982፣ እሑድ ጠዋት፣ የአፓርታይድ መንግሥት የደኅንነት ሰዎች ያጠመዱት ቦምብ ቢሮው ላይ ፈነዳ። ፎቅ ላይ ተኝቶ የነበረ አንድ ሰው ቆሰለ። በጥቃቱ የተሳተፉት ድርጊቱን አምነው፣ ከደቡብ አፍሪካው የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን ምሕረት ያገኙት በ1999 ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ቤት የቆመው በእንግሊዝ መሬት፣ በእንግሊዝ ሕግ ሥር ነው። የደቡብ አፍሪካ ሕዝብ ታሪክ ቢሆንም የሚጠብቀው ድርጅት የሚመዘገበው ለንደን ነው። ቁጥር 28ን ወደ መታሰቢያና መማሪያ ማዕከልነት የመቀየሩን ሥራ የያዘው ሊሊስሊፍ ትረስት ዩኬ ይባላል። ስሙን የወሰደው ፖሊስ በ1963 ወርሮ የማንዴላን የትግል ጓዶች ከያዘበት፣ ሪቮኒያ ከሚገኘው እርሻ ነው። ማስዌል ሂል በሚገኝበት የለንደን ክፍል በሐሪንጌይም በታምቦ ስም የተሰየመ መናፈሻና ሐውልቱ አሉ።

ባለቤት ከሌለው ማን ያዝዛል?

ባለአደራዎች ናቸው። ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። የዕድር ዳኛና ገንዘብ ያዥ ሣጥኑን ይይዛሉ እንጂ የሣጥኑ ባለቤት አይደሉም፤ ከደንቡ ውጭ አንድ ብር ቢያወጡ ይጠየቃሉ። የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ሕግ ባለአደራን የሚያየው በዚሁ ዓይን ነው። ልዩነቱ፣ ዕድር የሚቆመው ለአባላቱ ነው፤ በጎ አድራጎት ድርጅት ግን ለአባላቱ ሳይሆን ለሕዝብ ጥቅም መቆም አለበት።

ባለአደራዎቹ ብዙውን ጊዜ ከሦስት ያላነሱ ናቸው። በመርህ ደረጃ ደመወዝ አይከፈላቸውም፤ የሚከፈላቸው ደንቡ፣ ሕጉ ወይም ተቆጣጣሪው ሲፈቅድ ብቻ ነው። ተቆጣጣሪው የእንግሊዝና የዌልስ ቻሪቲ ኮሚሽን ይባላል፤ ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው አላቸው። ድርጅቱ ሲመዘገብ ቁጥር ይሰጠዋል። በየዓመቱም የሒሳብ ዓመቱ ካለቀ በ10 ወር ውስጥ ሪፖርት ያቀርባል። መዝገቡ በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ስለሆነ ገቢውን፣ ወጪውንና የባለአደራዎቹን ማንነት ቤትዎ ሆነው ማየት ይችላሉ። መዋጮ ከመስጠትዎ በፊት አምስት ደቂቃ ወስዶ ይህን ማየት ይጠቅማል። ብዙ ሰው ግን ፎቶግራፉን አይቶ ይሰጣል።

በቦርዱ ውስጥ የመሪው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ሊኖር ይችላል። ሕጉ አይከለክልም። ግን ሰብሳቢዋ የሟቹ ልጅ ብትሆንም እንደ ወራሽ ማዘዝ አትችልም። ድርጅቱ የእሷን ቤት ቢከራይ ወይም የእሷን መጽሐፍ ቢያስተዋውቅ የጥቅም ግጭት ነው፤ አስቀድማ ማሳወቅና ውሳኔው ሲሰጥ ከስብሰባው መውጣት አለባት።

አንድን ሰው ማክበር ብቻውን በቂ ዓላማ ነው?

አይደለም። ሰው የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። «የታላቁን መሪ ስም ለማስጠራት» ብሎ የሚያመለክት ድርጅት ኮሚሽኑ ወዲያው «ስሙ በመጠራቱ ሕዝቡ ምን ያገኛል?» ይለዋል።

የ2011 የበጎ አድራጎት ሕግ ተቀባይነት ያላቸውን የዓላማ ዓይነቶች በ13 ዘርፍ ይዘረዝራል። ለመታሰቢያ ድርጅት የሚስማሙት ትምህርትን ማስፋፋት፣ ቅርስና ባህልን መጠበቅ፣ እንዲሁም ሰብዓዊ መብትን፣ ዕርቅንና የዘር እኩልነትን ማራመድ ናቸው። ስለዚህ መተዳደሪያ ደንቡ የሚጻፈው በተግባር ቋንቋ ነው፤ ለወጣቶች የአፓርታይድን ታሪክ ማስተማር፣ ሰነዶችን ጠብቆ ለተመራማሪ ክፍት ማድረግ፣ ከደቡባዊ አፍሪካ ለሚመጡ ተማሪዎች ስኮላርሺፕ መስጠት፣ ወዘተ።

ስኮላርሺፕ በመስጠቱ ሥራ የካነን ኮሊንስ ትረስት ከ1981 ጀምሮ ሲሠራ ቆይቷል። የለንደኑ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ካህን የነበሩትን የጆን ኮሊንስን ስም ይዟል፤ አብዛኛው ጉልበቱ የሚውለው ግን ተማሪዎችን በማስተማር ላይ ነው። እኔ ጥሩ ናቸው የምላቸው የመታሰቢያ ድርጅቶች እንዲህ ያሉት ናቸው፤ ሰውየውን ሳያነሱም የእሱን ሥራ ሲሠሩ የሚታዩት።

ፖለቲከኛን ያለ ፖለቲካ ማስታወስ ይቻላል?

ከባዱ ክፍል ይህ ነው። በእንግሊዝ ሕግ፣ ዓላማው ፖለቲካዊ የሆነ ድርጅት በጎ አድራጎት ሊሆን አይችልም። መስመሩን በግልጽ ያሰመረው በአምነስቲ ኢንተርናሽናል ትረስት ላይ በ1981 የተሰጠው የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ዳኛው የሌላ አገር መንግሥት ሕጉን ወይም ፖሊሲውን እንዲቀይር መጎትጎት የፖለቲካ ዓላማ ነው አሉ። ምክንያታቸውም ፍርድ ቤት ያ ለውጥ ለሕዝብ ይበጅ አይበጅ እንደሆነ መመዘን አይችልም የሚል ነበር።

ይህን መለኪያ ወደ ኋላ ወስደን ብንጠቀምበት ውጤቱ ያስገርማል። በ1959 የደቡብ አፍሪካን ዕቃ ላለመግዛት በተነሣ ዘመቻ የተጀመረው የእንግሊዝ ፀረ አፓርታይድ ንቅናቄ ዓላማው የሌላ አገር ሥርዓት እንዲወድቅ ነበር። ታምቦ በሠላሳ ዓመት ስደቱ የሠራው ሥራ ራሱ ዛሬ በስሙ የሚቋቋም በጎ አድራጎት ድርጅት ዓላማ ብሎ ሊያስመዘግበው የማይችለው ሥራ ነው።

ታዲያ ምን ይፈቀዳል? ትምህርት ይፈቀዳል። ዘመቻም ቢሆን ለተመዘገበው ዓላማ መሣሪያ እስከሆነ ድረስ አይከለከልም። የዘር እኩልነትን ለማራመድ የተቋቋመ ድርጅት በእንግሊዝ የሥርዓተ ትምህርት ላይ አስተያየት ቢሰጥ፣ ለምክር ቤት አባላት ደብዳቤ ቢጽፍ ችግር የለውም። ያ ብቸኛ ሥራው ሊሆን ግን አይችልም። ፓርቲ መደገፍ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም።

በተለይ ከኤኤንሲ ጋር ያለው ግንኙነት ጥንቃቄ ይፈልጋል። በታምቦ ዘመን የነጻነት ንቅናቄ የነበረው ኤኤንሲ ከ1994 ጀምሮ ገዥ ፓርቲ ነው፤ በሜይ 2024 ምርጫ ደግሞ አብላጫ ድምፁን ለመጀመሪያ ጊዜ አጥቶ በጥምረት ወደ መግዛት ተሸጋግሯል። ስለዚህ አንድ የፓርቲው ባለሥልጣን ለንደን ቢመጣ፣ ድርጅቱ ስለ ታምቦ ንግግር እንዲያደርግ ሊጋብዘው ይችላል። በዚያው አዳራሽ ለፓርቲው መዋጮ ቢሰበሰብ ግን ባለአደራዎቹ ኮሚሽኑ ፊት ሊቀርቡ ይችላሉ። አሜሪካም በዚህ ነጥብ አትለይም። 501(ሐ)(3) በሚባለው የግብር ሕግ አንቀጽ የታወቀ ድርጅት ለምርጫ የቀረበን ሰው መደገፍም ሆነ መቃወም ፈጽሞ አይችልም።

ሌላም ፈተና አለ። ትምህርት ነው የሚባለው ታሪኩ ሳይቆራረጥ ሲነገር ነው። ማንዴላን ባለፈገግታና ባለ አበባ ሸሚዝ ሽማግሌ ብቻ አድርጎ ማቅረብ ለመዋጮ ይመቻል፤ ሰውየው ግን በ1961 የተቋቋመው የኤኤንሲ የትጥቅ ክንፍ መሥራች ነበር። በ1962 መጀመሪያ ከታምቦ ጋር አዲስ አበባ መጥቶ በምሥራቅ፣ በማዕከላዊና በደቡብ አፍሪካ የነጻነት ንቅናቄዎች ጉባኤ ላይ ንግግር አደረገ። በዚያው ዓመት አጋማሽ ተመልሶ ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ካምፕ፣ በኮሎኔል ታደሰ ብሩ ኃላፊነት ሥር ወታደራዊ ሥልጠና ወሰደ። ስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና ሳያልቅ ወደ አገሩ ተጠራ፤ ብዙም ሳይቆይ ተያዘ። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር ደግሞ በ1987 ኤኤንሲን አሸባሪ ድርጅት ብለውት ነበር። ማንዴላ ከአሜሪካ የአሸባሪዎች ክትትል ዝርዝር እንዲወጣ የሚያደርገው ሕግ የጸደቀው በ2008 ነው፤ ፕሬዚዳንት ሆኖ፣ የኖቤል ሽልማት ወስዶ፣ ጡረታ ከወጣም በኋላ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ለለንደን ተማሪ ማስረዳት ፖለቲካ አይደለም። ሕጉም አይከለክለውም። አንዳንድ ቦርዶች ግን ለጋሽ እንዳይቀየም ብለው ራሳቸው ይፈሩታል።

ስሙን ማን ይፈቅዳል?

ይህ በየአገሩ ይለያያል። በማንዴላ በኩል ጆሃንስበርግ የሚገኘው፣ በ1999 የተቋቋመው የኔልሰን ማንዴላ ፋውንዴሽን ስሙንና ተያያዥ ምልክቶቹን በንግድ ምልክትነት አስመዝግቦ ይጠብቃል። የእስር ቤት ቁጥሩ 46664 ሳይቀር የተጠበቀ ነው። ለንደን ላይ ማንዴላ የሚል ስም ይዞ መነሣት የሚፈልግ ቡድን በመጀመሪያ ከእነሱ ጋር መነጋገር አለበት። በእንግሊዝ በኩልም፣ አንድ ስም ከሌላ ድርጅት ጋር የሚያምታታ ወይም የሌለ ዝምድና ያለ የሚያስመስል ከሆነ ኮሚሽኑ ስሙ እንዲቀየር ማዘዝ ይችላል።

የቤተሰብ ጉዳይ ሲጨመር ነገሩ ይወሳሰባል። በ2013 ሁለት የማንዴላ ሴት ልጆች ከእጁ አሻራ ሥዕሎች ሽያጭ የተገኘ ገንዘብ የሚያስተዳድሩ ኩባንያዎችን ቦርድ በፍርድ ቤት ተከራክረው፣ በኋላ ክሱን ተዉት። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ የታሰረበትን የሮበን ደሴት ክፍል ቁልፍ፣ መነጽሩንና ሸሚዞቹን ጨምሮ ወደ 70 የሚጠጉ ዕቃዎች ኒው ዮርክ ላይ በጨረታ ሊሸጡ ነበር። የደቡብ አፍሪካ የቅርስ ባለሥልጣን «ከአገር የወጡት ያለ ፈቃድ ነው» ብሎ ቢከራከርም በፍርድ ቤት ተረታ፤ ሆኖም ጨረታው ከመካሄዱ በፊት ተቋረጠ።

ለመታሰቢያ ድርጅት ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ ወይም ልብስ በስጦታ ሲመጣለት ሰጪው በእርግጥ ባለቤት መሆኑን፣ ዕቃውም ከደቡብ አፍሪካ በሕጋዊ መንገድ መውጣቱን በጽሑፍ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ገንዘቡ ከየት መጥቶ እንዴት ይሻገራል?

ምንጩ ብዙ ነው፤ ከግለሰብ መዋጮ፣ ከእራት ግብዣ፣ ከአካባቢ ምክር ቤት፣ ከትልልቅ ረጂ ተቋማት ይመጣል። እንግሊዝ ውስጥ ግብር ከፋይ የሆነ ሰው 100 ፓውንድ ሲሰጥ ድርጅቱ ጊፍት ኤይድ በሚባለው አሠራር ከግብር መሥሪያ ቤቱ ተጨማሪ 25 ፓውንድ ያገኛል። አስቸጋሪው ገንዘብ ማግኘቱ ብቻ አይደለም፤ የት እንደደረሰ ማስረዳቱም ነው።

እዚህ ላይ የፀረ አፓርታይድ ትግሉ ራሱ ተቃራኒውን መንገድ የሄደ መሆኑ ይደንቀኛል። ጆን ኮሊንስ የመሠረቱት ዓለም አቀፍ የመከላከያና የዕርዳታ ፈንድ ለፖለቲካ እስረኞች ጠበቃ ይቀጥር፣ ቤተሰቦቻቸውንም ይረዳ ነበር። በ1966 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ታገደ፤ ከእሱ ገንዘብ መቀበል ወንጀል ሆነ። ፈንዱ ግን አልቆመም። የጠበቆች ክፍያ በለንደን የሕግ ቢሮዎችና በመሃል ባሉ ሌሎች ተቋማት በኩል ዞሮ ይደርስ ነበር። ለቤተሰቦች የሚላከው ደግሞ በተራ እንግሊዛውያን ስም ነበር፤ አንዲት የቤት እመቤት ለማታውቃት የእስረኛ ሚስት ደብዳቤ ትጽፋለች፣ ትንሽ ገንዘብም ትልካለች፤ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ግን አትናገርም። እስከ 1991 ድረስ ወደ 100 ሚሊዮን ፓውንድ በዚህ መልክ ገብቷል። ስዊድን ከትልልቆቹ ለጋሾች አንዷ ነበረች።

የዛሬ ባለአደራ ይህን ቢያደርግ ሥራው ያበቃል። እያንዳንዱ ፓውንድ ከማን መጥቶ ለማን እንደሄደ መጻፍ አለበት። ባንኩ የተቀባዩን ማንነት ይጠይቃል። ደቡብ አፍሪካ ከፌብሩዋሪ 2023 እስከ ኦክቶበር 2025 ድረስ የገንዘብ ዝውውር ቁጥጥራቸው ደካማ ነው በተባሉ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለነበረች፣ ጥያቄው ያኔ በርትቶ ነበር። በአሜሪካ የተመዘገበ ደጋፊ ድርጅትም ገንዘቡን ተቀብሎ ዝም ብሎ ማስተላለፍ አይችልም። የት እንደሚውል የመወሰን ሥልጣኑን ራሱ መያዝና አጠቃቀሙንም መከታተል አለበት፤ አለዚያ የለጋሾቹ የግብር ቅናሽ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ስጦታን አለመቀበልም የአመራር ሥራ ነው። ማንዴላ በ1995 ከፕሬዚዳንትነት ደመወዙ ሲሶውን እየሰጠ የመሠረተው የሕፃናት ፈንድ ይህን በከባድ መንገድ ተምሯል። በ1997 ሞዴሏ ናኦሚ ካምቤል፣ ፕሪቶሪያ ላይ ከተደረገ እራት በኋላ የተሰጧትን ያልተቆረጡ አልማዞች ለፈንዱ የወቅቱ ኃላፊ አስረከበች። እሱም የፈንዱ፣ የማንዴላና የካምቤል ስም እንዳይጠፋ ብሎ ለማንም ሳይናገር 13 ዓመት ያህል አስቀመጣቸው። ጉዳዩ የወጣው በ2010፣ አልማዞቹን ልኳል በተባለው የቀድሞ የላይቤሪያ ፕሬዚዳንት ቻርልስ ቴይለር የጦር ወንጀል ችሎት ላይ በሰጠችው ምስክርነት ነው። ፈንዱ አልማዞቹን እንደማያውቃቸው ገለጸ፤ ሰውየው ከባለአደራነቱ ለቀቀ፤ በኋላም በፍርድ ቤት ነጻ ወጣ። ወንጀል አልተገኘበትም፤ ነገር ግን በዚያ ሰሞን የፈንዱ ስም በየጋዜጣው ከደም አልማዝ ጋር ሲጠራ ከርሟል። በዛሬ አሠራር እንዲህ ያለ ስጦታ ለቦርዱ በዚያው ሳምንት ይነገራል፣ በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል። እንግሊዝ ውስጥ ከሆነም ለኮሚሽኑ ሪፖርት ይደረጋል።

ታዋቂ ስም የገንዘብ ዋስትና ነው?

አይደለም። ለንደን ላለው ትረስት ስሙን ያወረሰው የሪቮኒያው የሊሊስሊፍ ሙዚየም ራሱ በ2021 በገንዘብ ችግር በሩን ዘግቶ ነበር። ሕንፃ ማደስ የሚፈልግ ረጂ ይገኛል፤ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል። የጥበቃውን፣ የመብራቱንና የአስተማሪውን ደመወዝ በአምስተኛው ዓመት የሚከፍል ግን ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ቦርዶች የወራት ወጪ የሚሸፍን ተጠባባቂ ገንዘብ ይይዛሉ። ምን ያህል እንደያዙና ለምን እንደሆነም በዓመታዊ ሪፖርታቸው ይጽፋሉ።

ድርጅቱ ሲዘጋ ምን ይቀራል?

ባለአደራዎች የቀረውን ገንዘብ ተከፋፍለው መሄድ አይችሉም። ደንቡ ተመሳሳይ ዓላማ ላለው ሌላ በጎ አድራጎት እንዲተላለፍ ያዛል። ሰነዱ ግን ከገንዘቡ ይበልጥ ሊያከራክር ይችላል፤ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይመለስ ወይስ በተሰበሰበበት አገር ይቅር?

ሁለት መንገድ ታይቷል። የመከላከያና የዕርዳታ ፈንዱ በ1991 ሥራው አብቅቷል ብሎ ራሱን ሲዘጋ ፎቶግራፎቹንና ፊልሞቹን ኬፕ ታውን አጠገብ ወደሚገኘው የዌስተርን ኬፕ ዩኒቨርሲቲ ላከ። የእንግሊዙ ፀረ አፓርታይድ ንቅናቄ ከ1994ቱ ምርጫ በኋላ ሥራውን ለአዲስ ድርጅት አስረክቦ፣ ወረቀቶቹን ለኦክስፎርዱ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። መጀመሪያ የተቀመጡትም በእንግሊዛዊው ቅኝ ገዥ በሴሲል ሮድስ ስም በተሰየመው በሮድስ ሃውስ ነበር። ዛሬ ያንን ወረቀት ማየት የሚፈልግ የሶዌቶ ተማሪ ለእንግሊዝ ቪዛ ማመልከት ወይም በዲጂታል የተገለበጠለትን ያህል ማየት ይኖርበታል። ለዚህም ነው አሁን የሚቋቋሙ ድርጅቶች ሰነድ ገና ሲቀበሉ «ብንዘጋ የት ይሄዳል?» የሚለውን ከሰጪው ጋር በጽሑፍ የሚስማሙት።